ከሐበሻ የተመለሱ ቤተሰቦች ሐዘን፦ የተዕዚያ ቃል ታሪካዊ መሠረት

ቀብር ተፈጽሞ ሰው ወደ ለቅሶ ቤት ሲመለስ የሁሉም ዓይን ወደ ኢማሙ ያዘነብላል። ኢማሙም «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ፤ ሟቹንም በራሕመቱ ይቀበለው» ይላል፤ ታዳሚው «አሚን» ይላል፤ ሐዘንተኛው አንገቱን እንደ ደፋ ይቀመጣል። ይህ ዱዓእ የተወደደ ነው፤ ሊቀርም አይገባውም። ይሁንና በመድረሳም ሆነ በመስጊድ ስለ ተዕዚያ ስናስተምር የምናወሳው አብዛኛውን ጊዜ የሚባለውን ቃልና የተፈቀደውን የቀን ብዛት ነው። ቃሉ በመጀመሪያ ለማን እንደ ተነገረ፣ ሰሚው በምን ሁኔታ ላይ እንደ ነበረና ከቃሉ በኋላ ምን እንደ ተከተለ እምብዛም አንጠይቅም።

ይህ ጽሑፍ ያንን ጥያቄ ከታሪክ አንጻር ለመመልከት ይሞክራል። በሐዲስና በሲራ መዛግብት ስለ ማጽናናት ከተጠበቁልን ዘገባዎች መካከል ሦስቱ ወደ ሐበሻ ተሰድደው ከተመለሱ ሰዎች ጋር የተያያዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በ615 እ.ኤ.አ. ገደማና ከዚያ በኋላ መካን ለቅቀው በነጃሺ ጥላ ሥር የኖሩ፣ ኋላም መዲና ሲደርሱ እንደገና እንግዳ የሆኑ ነበሩ። ሦስቱን ዘገባዎች አንድ ላይ ስናነብ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የተናገሩት የማጽናኛ ቃል ከሰሚው አስቀድሞ ተናጋሪውን የሚያስር ቃል ነበር።

ስለ ቃሉ ትርጉም

ተዕዚያ የሚለው ቃል የተገኘው ዐዛእ ከሚለው የዐረብኛ ስም ነው፤ ዐዛእንም የቋንቋው ሊቃውንት ሶብር ብለው ይፈቱታል። እንግዲህ ተዕዚያ ማድረግ ማለት ሐዘን የደረሰበትን ሰው ሶብር እንዲያደርግ ማገዝ ነው። የአማርኛው ማጽናናትም «ጸና» ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ ከዐረብኛው ጋር በሐሳብ ይገናኛል። ሁለቱም ቃላት ሐዘንን ስለ ማጥፋት አይናገሩም፤ ያዘነው ሰው እንዳይወድቅ ስለ መደገፍ ነው የሚናገሩት።

ኢማም አን-ነወዊ (በ676 ዓ.ሂ./1277 እ.ኤ.አ. ያረፉት) «አል-አዝካር» በተሰኘው ኪታባቸው ተዕዚያን ሲገልጹ፣ የሟችን ቤተሰብ ሐዘን የሚያቀልና መከራውን የሚያለዝብ ነገር በማውሳት ሰውየውን ወደ ሶብር ማድረስ ነው ይላሉ። ለዚህም የተወሰነ የቃል አጣጣል እንደማይጠየቅ፣ በየትኛውም ቃል ቢነገር ተዕዚያው እንደሚገኝ ያስረዳሉ። ቃሉ በሸሪዓ ካልተወሰነ ደግሞ ትኩረታችን ወደ ተናጋሪው አኳኋን መዞሩ አይቀርም። የሚከተሉት ዘገባዎች የሚያሳዩንም ይህንኑ ነው።

የኡሙ ሰለማ ቤት፣ 4 ዓ.ሂ.

ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ከባለቤታቸው ከአቡ ሰለማ (ረ.ዐ) ጋር ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች መካከል ነበሩ። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ቆመው የተናገሩት ታሪክ በስፋት የደረሰን በእሳቸው ዘገባ ነው። ከሐበሻ ተመልሰው ወደ መዲና ሊሰደዱ ሲነሡም ዘመዶቻቸው ከባልና ከልጅ ለይተዋቸው፣ አንድ ዓመት ያህል በመካ ዳርቻ ተቀምጠው ሲያለቅሱ እንደ ኖሩ ራሳቸው ተርከዋል። በመጨረሻ ቤተሰቡ መዲና ላይ ተገናኘ። አቡ ሰለማ ግን በኡሑድ ዘመቻ የደረሰባቸው ቁስል ካገገመ በኋላ አገርሽቶባቸው በ4 ዓ.ሂ. (625 እ.ኤ.አ.) አረፉ።

በሰሒሕ ሙስሊም እንደ ተዘገበው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤቱ ገብተው የሟቹን ክፍት ዓይኖች በእጃቸው ከደኑ። የቤተሰቡ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያለቅሱ፣ መላእክት በሚሉት ላይ አሚን ስለሚሉ ለራሳቸው ከመልካም በቀር እንዳይለምኑ አሳሰቧቸው። ወዲያውም ለአቡ ሰለማ ምሕረትን፣ ለተተዉት ቤተሰቦቹ ደግሞ አላህ ራሱ ተተኪ እንዲሆንላቸው ዱዓእ አደረጉ።

ኡሙ ሰለማ በዚያን ጊዜ ያሰቡትን አልደበቁም። ባለቤታቸው እንግዳ ሆኖ በእንግዳ አገር እንደ ሞተ አስበው፣ ሰው የሚያወራለትን ልቅሶ ሊያለቅሱለት ወስነው ነበር። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ለማልቀስ ልታግዝ የመጣችውን ሴት መለሷት። መከራ የደረሰበት ሰው ኢስቲርጃዕ እንዲል፣ ለመከራውም ምንዳን ከእሱም የተሻለን ምትክ እንዲለምን ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ኡሙ ሰለማ ይዘው ነበር፤ ሆኖም ከአቡ ሰለማ የሚሻል ማን ይኖራል የሚል ጥያቄ በልባቸው እንደ ተነሣ በግልጽ ነግረውናል። ይህ ጥያቄ በዘገባው ውስጥ ተጠብቆ መቆየቱ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ዱዓኡን የሚለው አንደበት ታዛዥ ሆኖ ልቡ ገና እየደማ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ኡሙ ሰለማን የወቀሳቸው ማንም የለም።

የሚቀጥለው ታሪክ የታወቀ ነው። ዒዳቸው ሲያበቃ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለጋብቻ ጠየቋቸው። እሳቸውም ቀናተኛ መሆናቸውን፣ ዕድሜያቸው መግፋቱንና ልጆች ያሏቸው መሆኑን ሲያነሡ፣ የልጆቹ ጉዳይ ለአላህና ለመልእክተኛው የተተወ እንደሆነ መለሱላቸው። የአቡ ሰለማ ልጆች በረሱል ቤት አደጉ። ከእነሱም አንዱ ዑመር ኢብን አቢ ሰለማ ነው፤ በልጅነቱ እጁ በሳሕኑ ዙሪያ ሲንከራተት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኙና ከፊቱ ካለው እንዲበላ ያስተማሩት ልጅ እሱ ነበር። በመድረሳዎቻችን ሕፃናት መጀመሪያ ከሚሐፍዟቸው ሐዲሶች አንዱ የሆነው ይህ የማዕድ ሥርዓት የተነገረው ለአንድ የቲም ነው። አላህ ተተኪ እንዲሆንላቸው በሟቹ ራስጌ የተደረገው ዱዓእ ፍሬ በዚያ ማዕድ ላይ ታየ።

አስማእና የመርከቡ ሰዎች፣ 7 ዓ.ሂ.

ሐዘን ሁሉ ከሞት አይመጣም። በ7 ዓ.ሂ. (628 እ.ኤ.አ.) በኸይበር ዘመቻ ወቅት ጀዕፈርና በሐበሻ የቀሩት ጓደኞቻቸው በመርከብ ተሻግረው መዲና ገቡ። የጀዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) የረሱልን ባለቤት ሐፍሷን ሊጠይቁ ሄደው ሳሉ ዑመር (ረ.ዐ) ገቡና በሂጅራ እኛ ቀድመናችኋል፣ ስለዚህ ለረሱል የበለጠ ቅርበት አለን የሚል ነገር ተናገሩ። አስማእ ተቆጡ። እናንተ ከረሱል ጋር ነበራችሁ፣ የተራበውን ሲያበሏችሁ የማያውቀውንም ሲያስተምሯችሁ ኖራችሁ፤ እኛ ግን በሩቅ የባዕድ አገር ለአላህና ለመልእክተኛው ስንል ተንገላታን የሚል መልስ ሰጡ። ነገሩንም ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሳይናገሩ እህል ውኃ እንደማይቀምሱ ማሉ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አቤቱታውን እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ለዑመር ምን ብለው እንደ መለሱም ጠየቋቸው። ከዚያም ዑመርና ጓደኞቻቸው አንድ ሂጅራ ሲኖራቸው የመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው አበሠሯቸው። አስማእ እንደሚናገሩት የመርከቡ ሰዎች በቡድን በቡድን እየሆኑ ቤታቸው እየመጡ ይህንን ቃል ይጠይቋቸው ነበር፤ ከዱንያ ነገር ሁሉ ለእነሱ ከዚህ የሚያስደስትና የሚከብር አልነበረም። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪም (ረ.ዐ) ሐዲሱን ደጋግመው ያስነግሯቸው ነበር። ዘገባው በቡኻሪና በሙስሊም የሰፈረ ነው።

ይህ ቃል ለምን ይህን ያህል አጽናና? የአስማእ ሕመም ዓመታት ያለ ዋጋ አለፉ ወይ የሚል ነበር። የተሰጣቸው መልስም ያንኑ ሕመም በቀጥታ ነካው፤ እንደ ጉድለት የታየባቸው የስደት ዘመን እጥፍ ሆኖ ተቆጠረላቸው። እንዲህ ያለ ቃል ሊገኝ የሚችለው አስቀድሞ የተጎዳውን ሰው በማዳመጥ ብቻ ነው። «ሶብር አድርጊ» ብሎ አቤቱታውን መዝጋት ይቻል ነበር፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ያን መንገድ አልመረጡም።

የጀዕፈር ቤት፣ 8 ዓ.ሂ.

ከዚያ ከአንድ ዓመት ብዙም ሳያልፍ፣ በጁማደል ኡላ 8 ዓ.ሂ. (629 እ.ኤ.አ.)፣ ጀዕፈር በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆኑ። ኢብን ኢስሐቅ ከአስማእ ባስተላለፈው ዘገባ መሠረት በዚያን ዕለት አስማእ ቆዳ ሲያለፉ ውለው፣ ሊጣቸውን አቡክተው፣ ልጆቻቸውን አጥበውና ቅባት ቀብተው ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገቡና የጀዕፈርን ልጆች እንዲያመጡላቸው ጠየቁ፤ ልጆቹን አስጠግተው አሸተቷቸው፤ ዓይኖቻቸውም እንባ አቀረሩ። አስማእ ስለ ጀዕፈር የሰሙት ነገር እንዳለ ሲጠይቁ፣ ጀዕፈርና ጓዶቹ በዚያው ቀን እንደ ወደቁ ነገሯቸው።

እንግዲህ መርዶው ከንግግር በፊት በእንባ ተነግሯል። አስማእ ጮኹ፤ ሴቶች ተሰበሰቡ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤተሰባቸው ሄደው ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠሩ አዘዙ፤ ምክንያቱንም የጀዕፈር ቤት ሰዎች በደረሰባቸው ነገር መያዛቸው እንደሆነ ገለጹ። የቦካ ሊጥ ባለበት ቤት የሚጋግር ሰው እንደማይኖር ያየ ሰው የሚያዝዘው ትእዛዝ ነው። ምግብ እንዲሠራ የታዘዘበትን ይህንን ሐዲስ ለሕዝበ ሙስሊሙ ያስተላለፉት ደግሞ በዚያን ዕለት ልጅ የነበሩት፣ በሐበሻ ምድር የተወለዱት ዐብዱላህ ኢብን ጀዕፈር (ረ.ዐ) ናቸው፤ አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ኢብን ማጀህ መዝግበውታል። የለቅሶ ቤትን ምግብ ሱና ያስተላለፈልን በዚያ ቤት የነበረ የቲም ነው ማለት ነው።

ዐብዱላህ የቀረውን ሲተርኩ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰቡ የሦስት ቀን ጊዜ ሰጡ፤ ከዚያም መጥተው ከዚያን ቀን በኋላ በወንድማቸው ላይ እንዳያለቅሱ ተናገሩ፤ የወንድማቸውንም ልጆች አስጠሩ። ልጆቹ እንደ ጫጩት ሆነው ቀረቡ። ፀጉር ላጭ ተጠርቶ ራሳቸውን ላጫቸው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ሙሐመድ የተባለው ልጅ አጎታቸውን አቡ ጧሊብን እንደሚመስል፣ ዐብዱላህ ደግሞ በመልክም በጠባይም እሳቸውን እንደሚመስል ተናገሩ፤ አላህ በጀዕፈር ፈንታ ለቤተሰቡ ተተኪ እንዲሆንና የዐብዱላህን ንግድ እንዲባርክ ለመኑ። እናት የልጆቹን የቲምነት ሲያነሡም፣ በዱንያም በአኺራም ኃላፊያቸው እሳቸው ሆነው ሳለ ለልጆቹ ድህነትን ትፈሪያለሽን የሚል መልስ ሰጧቸው።

በፊቅህ ኪታቦች የተዕዚያ ጊዜ ሦስት ቀን እንደሆነ ይነገራል። ምክንያቱንም የሻፊዒያ ሊቃውንት ሲያስረዱ፣ ተዕዚያ ልብን ለማርጋት የተደነገገ በመሆኑና ልብም አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቀን ስለሚረጋ ከዚያ በኋላ ሐዘኑን መቀስቀስ እንደማይገባ ይገልጻሉ። ይህ ትክክለኛ ግንዛቤ ነው። የጀዕፈር ቤት ታሪክ ግን አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ ሦስተኛው ቀን ለልቅሶው ማብቂያ፣ ለኃላፊነቱ ደግሞ መጀመሪያ ነበር። ፀጉር ላጩ የተጠራው፣ ልጆቹ በስማቸውና በመልካቸው የተወደሱት፣ ድህነትን እንዳይፈሩም ቃል የተገባላቸው ያኔ ነው። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ከዓመታት በኋላ እንኳ የጀዕፈርን ልጅ ሲያገኙ የባለ ሁለት ክንፉ ልጅ እያሉ ሰላም ይሉት እንደ ነበር ቡኻሪ ዘግበዋል፤ ጀዕፈር በጀነት ሁለት ክንፍ እንደ ተሰጣቸው የተነገረውን በማስታወስ ነው። አባትየው በልጁ ፊት በክብር መታወሱ በሦስት ቀን አልተቋረጠም።

ቃል በመልእክተኛ፣ ቃል በአካል

አን-ነወዊ ከተዕዚያ ቃላት ሁሉ የተሻለው የሚሉት ኡሳማ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ነው። ከረሱል ሴት ልጆች አንዷ ልጃቸው በሞት አፋፍ ላይ ሳለ እንዲመጡላቸው ላኩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰላምታ ልከው፣ የሰጠውም የወሰደውም አላህ መሆኑን፣ ሁሉም ነገር እሱ ዘንድ የተወሰነ ጊዜ እንዳለው አሳስበው፣ ሶብር እንድታደርግና ምንዳዋን ከአላህ እንድትጠብቅ መልእክት ሰደዱ። ብዙዎቻችን ሐዲሱን ስንጠቅስ እዚህ ላይ እናቆማለን። ዘገባው ግን ይቀጥላል፤ ልጃቸው የግድ እንዲመጡ በመሐላ ደግመው ላኩ፤ እሳቸውም ተነሥተው ከሰዕድ ኢብን ዑባዳ፣ ከሙዓዝ፣ ከኡበይና ከዘይድ ኢብን ሣቢት ጋር ሄዱ። የሚያጣጥረውን ሕፃን ሲያቅፉ ዓይኖቻቸው አነቡ። ሰዕድ በመገረም ሲጠይቁም አላህ በባሮቹ ልብ ያኖረው እዝነት እንደሆነ መለሱ። ከቃላት ሁሉ የተሻለው ቃል እንኳ በመልእክተኛ ብቻ አልቀረም፤ ተናጋሪው በእግሩ ተከተለው።

በመቃብር አጠገብ ታለቅስ የነበረችው ሴት ታሪክም ሌላ ገጽታ ያሳያል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አላህን እንድትፈራና ሶብር እንድታደርግ ሲነግሯት ማንነታቸውን ሳታውቅ የእኔ መከራ አልደረሰብህም፣ ተወኝ አለቻቸው። አልገሠጿትም፤ ማንነታቸውንም አልገለጡላትም፤ ትተዋት ሄዱ። ኋላ ማንነታቸው ተነግሯት ይቅርታ ለመጠየቅ በራቸው ስትደርስ፣ ሶብር ማለት በመጀመሪያው ምት ጊዜ እንደሆነ አስረዷት። የሐዘንተኛ ቁጣ በሰማን ጊዜ እምነቱ ጎደለ ብለን ከመፍረዳችን በፊት ይህን ዝምታ ልናስብ ይገባል።

በኋለኞቹ ዘመናት

ከሰሓባ ዘመን በኋላ ተዕዚያ የራሱ የጽሑፍ ዘርፍ ሆነ። አል-መዳኢኒና አል-ሙበሪድ በ3ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የተዕዚያ ቃላትን በኪታብ ሰበሰቡ። በ749 ዓ.ሂ. (1348 እ.ኤ.አ.) ታላቁ ወረርሽኝ ካይሮንና ደማስቆን ካጠቃ በኋላ ደግሞ ልጆቻቸውን ለቀበሩ ወላጆች የተዘጋጁ ድርሰቶች በረከቱ። ከእነዚህም የኢብን ናሲረዲን አድ-ዲመሽቂ «በርዱል አክባድ» ይጠቀሳል። የ«ፈትሑል ባሪ» ደራሲ ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (በ852 ዓ.ሂ./1449 እ.ኤ.አ. ያረፉት) ስለ ወረርሽኝ «በዝሉል ማዑን» የተሰኘ ኪታብ ሲጽፉ የራሳቸውን ሴት ልጆች በዚያው በሽታ ቀብረው ነበር። እነዚህ ሊቃውንት ስለ ሶብር ያስተማሩት በሐዘን ቤት ውስጥ ተቀምጠው ነው።

ፉቀሃእም በቃሉ ዙሪያ የሚያድገው ልማድ ሐዘንተኛውን እንዳይጫነው ተጠንቅቀዋል። ኢማም አሽ-ሻፊዒ (በ204 ዓ.ሂ./820 እ.ኤ.አ. ያረፉት) «አል-ኡም» ውስጥ ለተዕዚያ ተሰብስቦ መቀመጥን ልቅሶ ባይኖርበት እንኳ ጠልተውታል፤ ሐዘንን ያድሳል፣ በቤተሰቡም ላይ ወጪን ይጭናል በማለት። ጎረቤትና ዘመድ ለሟች ቤተሰብ ቀንና ሌሊቱን የሚያጠግብ ምግብ ማዘጋጀቱን ግን ወደዱት። ጀሪር ኢብን ዐብዱላህ (ረ.ዐ) ደግሞ በሟች ቤት መሰብሰብንና ምግብ መሥራትን ከሙሾ እንደሚቆጥሩት ተዘግቧል። የዓኢሻ (ረ.ዐ) ልማድም በቡኻሪ ይገኛል፤ ከቤተሰባቸው ሰው ሲሞት የተሰበሰቡት ሴቶች ከተበተኑና የቅርብ ሰዎች ከቀሩ በኋላ ተልቢና የሚባለውን፣ ከእኛ አጥሚት ጋር የሚቀራረበውን ሙቅ ያሠሩ ነበር፤ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የታመመን ልብ እንደሚያሳርፍ ሰምተዋልና።

ወደ ለቅሶ ቤታችን ስንመለስ

በአገራችን ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዞ ወደ ለቅሶ ቤት መሄዱ፣ እድርተኛው ድንኳን ተክሎ ውኃ መቅዳቱ ከጀዕፈር ቤት ሱና ጋር የሚስማማ በጎ ልማድ ነው። መርዶን በሽማግሌ ማርዳትም እንዲሁ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ወደ አስማእ ቤት ሄደዋልና። ዛሬ ግን ከዐረብ አገር የሚመጣ መርዶ ብዙ ጊዜ በስልክ ወላጅ ጆሮ ላይ ይወድቃል፤ ሐዘንተኛው ቤተሰብ ለመጣው ሰው ሁሉ ድግስ እንዲደግስ፣ ተበድሮም ቢሆን እንዲያበላ የሚጠበቅበት አካባቢም አለ። የአሽ-ሻፊዒ ማስጠንቀቂያ የሚመለከተው ይህንን ነው። መምህራንና ኢማሞች ይህንን ለማስተማር የተመቸው ጊዜ ሰው ሳይሞት ነው፤ በለቅሶው መካከል የሚነገር እርማት ሐዘንተኛውን ያሸማቅቃልና።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ከሦስተኛው ቀን በኋላ ያለው ነው። ድንኳኑ ይነሣል፤ ወንበሩ ይመለሳል፤ የሟቹ ልጅ ግን ወደ መድረሳ ይመጣል ወይም ይቀራል። ማንኛችንም የረሱልን ያህል ኃላፊነት ልንሸከም አንችልም፤ ስለዚህ የማንፈጽመውን ቃል መግባት አይገባንም። የምንችለው ግን ትንሽ አይደለም። የልጁን ስም ማወቅ፣ በአባቱ መልካም ሥራ እያነሡ ሰላም ማለት፣ የቁርኣን ትምህርቱን መከታተል፣ እናቱ በዕዳና በውርስ ጉዳይ ስትቸገር አብሮ መቆም፣ ከመስጊዱ ጀመዓ አንድ ሰው በየወሩ ያንን ቤት እንዲጠይቅ መመደብ ይቻላል።

«አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» የሚለው ዱዓእ በዚህ ሁሉ አይተካም፤ ሶብርን የሚሰጥ አላህ ብቻ ነውና። ሆኖም በአቡ ሰለማ ራስጌ አላህ ተተኪ እንዲሆን የለመኑት ነቢይ የሟቹን ልጅ በማዕዳቸው አስቀምጠው አብልተዋል። ለጀዕፈር ልጆችም እንዲሁ ለምነው ፀጉር ላጭ አስጠርተዋል። ዱዓኡን ከእሳቸው የወረስን ሰዎች ከዱዓኡ በኋላ የተከተለውን ሥራም አብረን ወርሰናል። አላህ ለሐዘንተኞቻችን ሶብርን፣ ለሟቾቻችን ምሕረትን ይስጥልን፤ እኛንም የተናገርነውን የምንፈጽም ያድርገን።